ከድምፅ የቀደመ እሳት

እ.ኤ.አ. በ1006፣ በእኛ አቆጣጠር በ998 ዓ.ም. ግንቦት በገባ ሰሞን፣ በደቡብ ሰማይ ቀድሞ ያልነበረ ኮከብ ድንገት በራ። የቻይናና የጃፓን ቤተ መንግሥት ኮከብ ቆጣሪዎች መዘገቡት። በግብፅ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ የነበረው፣ ኋላ በሐኪምነቱ ስሙ የገነነው ዐሊ ኢብን ሪድዋን አየው። እሱ እንደጻፈው ኮከቡ ከቬነስ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይተልቅ ነበር፤ ብርሃኑም የጨረቃን ሩብ ጥቂት ያልፍ ነበር። በስዊዘርላንድ የቅዱስ ጋል ገዳም መነኮሳት ያዩት ከተራሮቻቸው ጫፍ ላይ ብቅ ሲል ብቻ ነው፤ ከአድማሳቸው ከ4 ዲግሪ ብዙም ከፍ አይልም። ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ካለችበት፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የቦረና ደጋ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ኮከቡ እኩለ ሌሊት ገደማ በወግዲ አቅጣጫ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆም ነበር። ክረምቱ ገና አልገባም፤ ሰማዩም ክፍት ነው። ከቅዱስ ጋል ይልቅ የቦረና እረኛ የተሻለ መቀመጫ ነበረው ማለት ነው።

ያ ብርሃን 7,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ራሱን የበተነ የአንድ ትንሽ ኮከብ ብርሃን ነበር። የፈነዳው ምን ዓይነት ኮከብ እንደሆነ ለማወቅ ሰው ወደ 1,000 ዓመት ፈጅቶበታል። እንዴት እንደፈነዳ ለማወቅ ግን ሌላ ጥያቄ መፍታት ነበረበት፦ በኮከቡ ውስጥ የተነሣው እሳት ከድምፅ ዘግይቶ ነው የሮጠው ወይስ ቀድሞ? ታሪኩ ሰማይ ላይ ጀምሮ፣ በመሃሉ ወደ ባሩድና ወደ መድፍ ይወርዳል፤ ይህ ሲሆን ደግሞ ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ በመቅደላ ያልፋል።

በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መካከል በዚህ ደጋ የኖረው ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። የእሱ ዘመን ሊቃውንት ሰማይን የሚያውቁት በባሕረ ሐሳብና በመጽሐፈ ሄኖክ በኩል ነበር። ከሄኖክ ምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ፀሐይና ጨረቃ በየበራቸው እንዴት ገብተው እንደሚወጡ፣ ከዋክብትም ሥርዓታቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ይናገራል። በአውሮፓም ቢሆን የአርስቶትል ትምህርት ከጨረቃ በላይ የሚለወጥ ነገር የለም ይል ነበር። ሁለቱም ዘንድ ሰማይ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓት ደግሞ ድንገተኛ እንግዳ አይወድም።

እንግዳው ግን እንደገና መጣ። በኅዳር 1572፣ አፄ ሠርፀ ድንግል በዙፋን ላይ ሳሉ፣ በካሲዮፒያ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ በቀን ጭምር የሚታይ ኮከብ ወጣ። ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ ለወራት እየለካ ተከታተለው። ኮከቡ ከጨረቃ በጣም የራቀ መሆኑን በልኬት ሲያረጋግጥ፣ የማይለወጠው ሰማይ ነገር በዚያው አከተመ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ በጥቅምት 1604፣ በ1597 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሦስተኛው ኮከብ ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ በኩል ታየ። ዮሐንስ ኬፕለር ፕራግ ላይ ሆኖ ተከታትሎት መጽሐፍ ጻፈለት። ኮከቡ ደምቆ በሚታይበት በዚያው ጥቅምት፣ ደምቢያ ውስጥ ባርቻ ላይ አፄ ዘድንግል ከመኳንንታቸው ጋር ተዋግተው ወደቁ። ሸፍቶ ከአገር አገር ይዞር የነበረው ሱስንዮስ ሦስት ዓመት ቆይቶ ይነግሣል። የአንድን ንጉሥ ሞት ከአዲስ ኮከብ ጋር ማያያዝ ለደብተራ ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የ1006፣ የ1572ና የ1604 ኮከቦች ሦስቱም ዛሬ ዓይነት 1ኤ ሱፐርኖቫ የሚባለው ወገን ናቸው። በእኛው ጋላክሲ ውስጥ በባዶ ዓይን የታየ ሱፐርኖቫ ከኬፕለሩ ወዲህ የለም።

ስለዚህ ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው በምድር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል፣ በሌሊት ሰማይ ከሁሉ የሚደምቀው ሲሪየስ በማይታይ ነገር እየተጎተተ እንደሚወዛወዝ አስታወቀ። በ1862 አሜሪካዊው አልቫን ክላርክ አዲስ መነጽር ሲሞክር ያን የማይታይ ጓደኛ አየው። ፈዛዛ፣ ትንሽ ነጥብ ነበር። እዚያ ነጥብ ውስጥ ምን እንዳለ ለመረዳት ግን ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስፈልግ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ተቀልጦ ወጣ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ። መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው እየጎተተው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በ1860 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ያን የበሽሎን ቁልቁለት ያየ ሰው፣ ከብረቱ ይልቅ የጎታቾቹን ትከሻ ያደንቃል።

ቴዎድሮስ በመድፍ ሲደክሙ፣ ስቶክሆልም ውስጥ አልፍሬድ ኖቤል ከሌላ ነገር ጋር ይታገል ነበር። ናይትሮግሊሰሪን የተባለው ፈሳሽ በእሳት ሲነካ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይቃጠላል፣ አንዳንዴ ቤት ይንዳል። እ.ኤ.አ. በ1864 የኖቤልን ታናሽ ወንድም ኤሚልን ገደለው። ኖቤል የደረሰበት ዘዴ ይህ ነው፦ ፈሳሹን በእሳት አታቀጣጥለው፤ በትንሽ የመዳብ ቱቦ ውስጥ የሜርኩሪ ፉልሚኔት አድርገህ በምት አስነሣው። ትንሿ ፍንዳታ የምትሰጠው ድንገተኛ ግፊት ትልቁን ፍንዳታ ይወልደዋል። በ1867 ድማሚትን በስሙ አስመዘገበ። ዛሬም መንገድ ለመክፈት ዐለት በሚፈለጥበት ስፍራ ሁሉ ድማሚት የሚነሣው በዚሁ መርህ ነው። ይህን መርህ እዚህ ላይ አጥብቆ መያዝ ይገባል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በከዋክብት ውስጥ ይመለሳልና።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ የቴዎድሮስ ጦር ከመቅደላ ግርጌ አሮጌ ላይ ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋር ገጠመ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃና የባሕር ኃይል ሮኬት ይዘው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ አምባው ተሰበረ፤ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሚያዝያ 10 ቀን እንግሊዞች መድፎቹን በባሩድ ሰባብረው፣ በሩን አፍርሰው፣ አምባውን አቃጠሉ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

በዚያ ሳምንት በመቅደላ የሆነው ሁሉ፣ ሮኬቱም፣ የመድፉ ጉርስም፣ የፍንዳታው ጢስም፣ በፊዚክስ ዓይን አንድ ነገር ነው፦ ቃጠሎ። ባሩድ ሜዳ ላይ ቢበተን ፍስስ ብሎ ይነዳል። የሚሰብረው ብረት ውስጥ ሲታፈን ነው፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጠራቀማል። ነበልባሉ ራሱ ከድምፅ አይፈጥንም። ድማሚት ግን ማፈኛ አይሻም። ልዩነቱ በወቅቱ ለማንም ግልጽ አልነበረም፤ ለናፒየር መሐንዲሶችም ጭምር።

ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ጋዝ እየፈነዳ ሠራተኛ ይጨርስ ነበርና፣ ቤርተሎና ቪዬል በአንድ ወገን፣ ማላርና ለ ሻትልዬ በሌላ ወገን ረጃጅም ቱቦዎችን በሚቀጣጠል ጋዝ ሞልተው ነበልባሉን ለኩ። መጀመሪያ ነበልባሉ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ይጓዛል። ከዚያ ይፈጥናል። ከዚያም በድንገት፣ ያለ ተጨማሪ ምክንያት በሚመስል ሁኔታ፣ በሰከንድ ከ2,000 ሜትር በላይ ዘልሎ ይሄዳል። ከቃጠሎ ወደ ፍንዳታ መሸጋገር ማለት ይህ ነው።

ነገሩን በዱሮ ዘመቻ ማየት ይቻላል። ነጋሪት አስቀድሞ የሚገሰግስ ጦር ሲመጣ ባላገሩ ድምፁን ሰምቶ ከብቱን ነድቶ ወደ ገደል ይገባል፤ ጦሩ ሲደርስ አገሩ ባዶ ነው። ከነጋሪቱ ቀድሞ የሚደርስ ጦር ግን ሰውን ከነቤቱ ያገኘዋል። በጋዝም ሆነ በኮከብ ውስጥ ድምፅ ማለት ከቦታ ቦታ የሚተላለፍ ግፊት ነው። ከድምፅ የሚዘገይ ነበልባል ከፊቱ ያለውን ቁስ በድምፁ ያስጠነቅቀዋል፤ ቁሱ ይገፋል፣ ይሰፋል፣ ይሳሳል። ከድምፅ የሚፈጥነው ግን ሳይታሰብ ደርሶ ሙሉውን ይበላዋል። በድምፅ ፍጥነት ሊያመልጥ ያልቻለ ግፊት ተደራርቦ ግድግዳ የሚሆንበት ሁኔታ የምት ሞገድ ይባላል። ኤርንስት ማክ በ1887 በሚበርር ጥይት አፍንጫ ላይ ያን ግድግዳ በፎቶግራፍ ያዘው። በዚያው ዓመት ሁጎንዮ ሒሳቡን ሠራ፤ በ1899 ቻፕማን፣ በ1905 ዡጌ የፍንዳታን ፍጥነት የሚያሰላውን ቀመር አወጡ። ሁሉም ስለ ጋዝና ስለ ባሩድ እንጂ ስለ ኮከብ አላሰቡም።

የሲሪየስ ጓደኛ ምሥጢር የተገለጠው በ1915 ነው። ዋልተር አዳምስ ብርሃኑን ተንትኖ ነጭና ትኩስ መሆኑን አሳየ። ትኩስ ሆኖ ይህን ያህል የፈዘዘው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው፦ ፀሐይን የሚያህል ክብደት፣ ምድርን የሚያህል አካል። ከዚህ ቁስ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቶን ይመዝናል። ነጭ ድንክ ኮከብ የሚለው ስም ለዚህ ዓይነት አካል ተሰጠ። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲያበቃ የሚተርፈው ካርቦንና ኦክስጅን ነው፤ ነጭ ድንክ ማለት ያ ቅሪት ነው።

በነሐሴ 1930 አንድ የ19 ዓመት ህንዳዊ ከቦምቤ በመርከብ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ወደ እንግሊዝ ይጓዝ ነበር። አዲስ አበባ ለተፈሪ መኮንን ዘውድ ሽር ጉድ ትላለች፤ በዓሉ ሦስት ወር አይቀረውም። ሱብራህማንያን ቻንድራሴካር በመርከቡ ላይ ሆኖ ነጭ ድንክ ከተወሰነ ክብደት በላይ ራሱን መሸከም እንደማይችል አሰላ። ኋላ ተጣርቶ ወሰኑ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ሆነ። በጥር 1935 ታላቁ አርተር ኤዲንግተን ለንደን ላይ በጉባኤ ፊት ሐሳቡን አጣጣለው። ወጣቱ የኖቤል ሽልማቱን ሲወስድ 1983 ሆኗል።

የነጭ ድንክ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንደ ፀሐይ ባለ ኮከብ ውስጥ እሳቱ ሲበረታ ቁሱ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይበርዳል፣ እሳቱም ይረግባል። በነጭ ድንክ ውስጥ ግን ግፊቱ በሙቀት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ እጅግ ከመጨናነቃቸው የተነሣ ኤሌክትሮኖች የሚሰጡት መልስ ነው። ስለዚህ ካርቦኑ መንደድ ከጀመረ ኮከቡ ወዲያው አይሰፋም፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር እሳቱ ይብሳል። ከጎኑ ያለ ጓደኛ ኮከብ ጋዝ እያፈሰሰ ቢያወፍረውና ወደ ቻንድራሴካር ወሰን ቢያስጠጋው፣ ይህ ሁሉ ቁስ በአንድ ጊዜ እንደ ባሩድ ቤት ይሆናል።

በ1934 ባዴና ዝዊኪ ሱፐርኖቫ የሚለውን ወገን ለዩ። በ1941 ሚንኮቭስኪ በሁለት ከፈላቸው፦ ሃይድሮጅን የሌላቸው አንደኛ ዓይነት፣ ያላቸው ሁለተኛ ዓይነት። ፍሬድ ሆይልና ዊልያም ፋውለር በ1960 ሃይድሮጅን የሌላቸውን ፍንዳታዎች ከነጭ ድንክ ቁስ ኑክሌር ቃጠሎ ጋር አገናኙ። ብርሃኑ ለምን በወራት እየፈዘዘ እንደሚሄድ ግን አከራከረ። አንዳንዶች በሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ የተገኘውን ካሊፎርኒየም ጠረጠሩ። ትክክለኛውን መልስ በ1962 ያቀረበው ብዙ ኢትዮጵያውያን በተማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ታይተስ ፓንኪ ነው፦ ፍንዳታው ኒኬል 56 ይወልዳል፤ ይህ በ6 ቀን ግማሹ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱ ደግሞ በ77 ቀን ግማሹ ወደ ብረት ይለወጣል። የሚታየው ብርሃን የዚህ መለወጥ ሙቀት ነው። ፓንኪ ሊመሰገን የሚገባውን ያህል ስሙ አይነሣም።

በ1969 ዴቪድ አርኔት የመጀመሪያውን የተሟላ ሥዕል ሠራ። እሳቱ ከመነሻው ከድምፅ ቀድሞ በሰከንድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ኮከቡን ከመሃል እስከ ጫፍ ያፈነዳዋል። ጉልበቱ በቂ ነው፤ ኮከቡም ይበተናል። ችግሩ አመዱ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ከተቃጠለ ቁሱ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ብረት ወገን ይለወጣል፤ ቴሌስኮፖች የሚያዩት ግን ሲሊከን፣ ድኝና ካልሲየም ጭምር ነው።

እንግዲያስ እሳቱ ይዝግይ፤ ጃፓናዊው ኬኒቺ ኖሞቶና ባልደረቦቹ በ1976 ያሉት ይህን ነው። በማዕከሉ የካርቦን ነበልባል በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለእኛ አስፈሪ ፍጥነት ቢሆንም እዚያ ካለው የድምፅ ፍጥነት ከመቶ አንድ እጅ ነው። ኮከቡ በድምፅ ተጠንቅቆ ይሰፋል፣ በሳሳው ቁስ ውስጥም ሲሊከንና ካልሲየም ይተርፋሉ። በ1984 የወጣው የኖሞቶ ስሌት ከታየው ጋር በሚገርም ሁኔታ ተስማማ። ሆኖም ነበልባሉ እንዲፈጥን የተደረገው በስሌቱ ላይ በእጅ በተጻፈ ፍጥነት ነው። ኋላ ኮምፒውተሮች በርትተው ነበልባሉን ራሱን ችሎ ሲያሄዱት ደካማ ሆነ፤ ብዙ ካርቦን ሳይነካ ቀረ።

ሁለቱን የሚያስታርቅ ሐሳብ የተገኘው ከሶቪየት ኅብረት ነው። ያኮቭ ዜልዶቪች የፍንዳታን ውስጣዊ አሠራር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ያጠና፣ በሮኬት ባሩድና በኑክሌር ቦምብ ላይ የሠራ፣ ኋላም ፊቱን ወደ ሰማይ ያዞረ ሰው ነው። በ1970 ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ረቂቅ ነገር አሳየ። ቁሱ አስቀድሞ ሞቆ፣ ሙቀቱ ግን ከቦታ ቦታ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ከሆነ፣ አንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ጥቂት ቀድሞ ይነዳል። ይህ ተራ በተራ መንደድ ከድምፅ ሞገድ ጋር እኩል እርምጃ ከያዘ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሚለቀው ጉልበት በሚያልፈው ሞገድ ላይ ይጫናል። ሞገዱ ያብጣል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻ የምት ሞገድ ይሆንና ከፊቱ ያለውን ሁሉ በገዛ ግፊቱ ያነድዳል። ተራ ድምፅ ወደ ፍንዳታ የሚያድግበት መንገድ ይህ ነው።

አሌክሲ ኾኽሎቭ ይህን ይዞ በ1991 የዘገየ ፍንዳታ የተባለውን ሐሳብ አቀረበ። መጀመሪያ ቃጠሎ፤ ኮከቡ ይሰፋል። በማዕከሉ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2,000 ቶን ገደማ የነበረው ጥግግት ነበልባሉ ባለበት ወደ 10 ቶን ሲወርድ፣ እሳቱ ዘልሎ ከድምፅ ይቀድማል። ከዚያ የቀረው ከአንድ ሴኮንድ ብዙም አይበልጥም። በመሃል ብረት፣ በዳር ሲሊከንና ካልሲየም፤ አመዱ ልክ ሆነ።

በዚሁ ሰሞን ሌላ መንገድም ተቀየሰ። በ1990 ኤሊ ሊቭኔ፣ በ1994 ስታን ዉዝሊና ቶም ዊቨር ነጭ ድንኩ ወደ 1.4 ወሰን መድረስ አያስፈልገውም አሉ። ከጓደኛው የወሰደው ሂሊየም በላዩ ላይ እንደ ልባስ ይከማቻል። ሂሊየሙ ሲፈነዳ የምት ሞገዱ ኮከቡን ከውጭ እየዞረ፣ ወደ ውስጥም እየተጫነ ሄዶ በአንድ ነጥብ ይገናኛል፤ እዚያም ካርቦኑን ያነሣዋል። ኖቤል በመዳብ ቱቦ ያደረገውን እዚህ ኮከቡ በሂሊየም ያደርገዋል። ሐሳቡ ድርብ ፍንዳታ ተባለ። መጀመሪያ የታሰበው ልባስ ወፍራም ስለነበር አመዱ ከታየው ጋር አልገጠመም፤ ከ2007 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ፊንክና ባልደረቦቹ ጀርመን ውስጥ ስስ ልባስም እንደሚበቃ ሲያሰሉ ሐሳቡ ነፍስ ዘራ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ በ1998 ግልጽ ሆነ። ሁለት ቡድኖች እነዚህን ፍንዳታዎች የርቀት መለኪያ አድርገው የጠፈር መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ ለፐርልሙተር፣ ለሽሚትና ለሪስ በ2011 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። መለኪያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ በእሱ ጠፈርን መለካት ለማንም ልብ አያሳርፍም።

በ2004 ቺካጎ ውስጥ ፕሌዋ፣ ካልደርና ላም ሦስተኛ መንገድ በኮምፒውተር አዩ፦ ከማዕከሉ ወጣ ብሎ የተነሣ ነበልባል እንደ አረፋ ተንሳፍፎ የኮከቡን ገጽ ይሰብራል፤ አመዱ ኮከቡን ዞሮ በተቃራኒው ጎን ይጋጫል፤ ግጭቱም ፍንዳታ ይወልዳል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። ለድሃ አገር ኮከብ ማየት ቅንጦት ነው የሚል አልጠፋም። ማኅበሩ ግን ገፋበት፤ በ2007 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ። ከዚያ የሚሻል ጨለማ የተፈለገው ደግሞ በወሎ፣ በላሊበላ ዙሪያ ተራሮች ነው።

ነሐሴ 24 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ከምድር 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ አንድ 1ኤ ሱፐርኖቫ በተነሣ በሰዓታት ውስጥ ተያዘ። ከመጀመሪያው ብርሃን ስስነት የፈነዳው አካል ከፀሐይ እጅግ የሚያንስ መሆኑ ታወቀ፤ ነጭ ድንክ ነው። በጥር 2014 ለንደን ውስጥ መምህራቸው ቴሌስኮፕ ሲያሳያቸው የነበሩ ተማሪዎች ሌላ ቅርብ ፍንዳታ አጋጠማቸው፤ ኢንተግራል የተባለው ሳተላይትም ከእሱ የሚወጣውን የኮባልት ጋማ ጨረር ለካ። ከፓንኪ 52 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2018 ጋያ የተባለው ሳተላይት ባወጣው መረጃ ውስጥ ኬን ሼንና ባልደረቦቹ በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርሩ ሦስት ነጭ ድንኮችን አገኙ። ጓደኛቸው በድርብ ፍንዳታ ሲበተን የሚይዛቸው አጥተው የተወረወሩ ይመስላሉ።

በኅዳር 2019 ነገሩ ወደ ላቦራቶሪ ወረደ። አሌክሲ ፖሉድኔንኮና ከፍሎሪዳ የመጡ ባልደረቦቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ፣ በደንብ የታመሰ ነበልባል ማፈኛ ግድግዳ ባይኖረውም ራሱን ጨምቆ የምት ሞገድ ሊፈጥር እንደሚችል በቱቦ ሙከራና በስሌት አሳዩ። ከ1881 ጀምሮ ቱቦ ያስፈልጋል ይባል ነበር፤ ኮከብ ደግሞ ቱቦ የለውም። ስሌቱን ወደ ነጭ ድንክ ሲወስዱት እዚያም ሠራ።

በቀጣዩ ወር ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኢትዮጵያ የመረጠችውን ስም አጸደቀ፦ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው አንድ ኮከብ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል ተባሉ። ቡና ከፀሐይ ጥቂት ይከብዳል፤ ዕድሜው ሲያበቃ ነጭ ድንክ ይሆናል። ተጣብቆ ጋዝ የሚያፈስለት ጓደኛ ኮከብ ስለሌለው ግን ቀስ ብሎ ይበርዳል እንጂ አይፈነዳም።

በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ያለው ፕሪያም ዳስና ባልደረቦቹ በቺሊው ግዙፍ ቴሌስኮፕ የወሰዱትን ምስል አወጡ። 160,000 የብርሃን ዓመት በሚርቀው ታላቁ የማጄላን ደመና ውስጥ ያለ የሱፐርኖቫ ፍርስራሽ ነው። ካልሲየሙ በአንድ ሳይሆን በሁለት ልባስ ተከፍሎ ይታያል፤ የድርብ ፍንዳታ ስሌት የሚተነብየውም ይህንኑ ነው። ፍርስራሹ ያለበት ደመና በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ከመካነ ሰላም ከደቡብ አድማስ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያ ሌላ በከተማዋም ግቢ ስላለው፣ የፊዚክስ ተማሪ ጭጋግ ከሌለና ተራራ ካልጋረደው ደመናውን ያለ መነጽር ሊያየው ይችላል።

አንዱ ኮከብ በሂሊየም ልባስ መነሣቱ ግን የኾኽሎቭን መንገድ አልዘጋውም። 3ሲ 397 በተባለ ሌላ ፍርስራሽ ውስጥ በ2015 የተለካው የኒኬልና የማንጋኒዝ ብዛት፣ ከ1.4 ወሰን አጠገብ ባለ ጥቅጥቅ ማዕከል ካልሆነ በቀር አይገኝም። ኬፕለር ያየው ኮከብ ፍርስራሽም ጓደኛው ወይም ራሱ ቀድሞ ካፈሰሰው ጋዝ ጋር ሲጋጭ ይታያል። ሁለቱም መንገድ ኮከብ ይገድላል። የተያዘው ክርክር ከመቶው ስንቱ በድምፅ ሞገድ እብጠት፣ ስንቱ ከውጭ በመጣ ምት ይፈነዳል የሚለው ነው፤ ቆጠራውም በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን ካወጣውና ለ10 ዓመት የደቡብን ሰማይ ደጋግሞ ከሚያነሣው ከቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ ይጠበቃል።